ዓይን ያላት ዘበኛ

እስቲ መልሱልኝ፤ ዘበኛ ለመሆን ዓይን ብቻ የሚበቃ ይመስላችኋል? እንግዲህ ተረት ተረት፤ የላም በረት ክፈቱልኝና ልግባ።

የላይኛው ገደልና የታችኛው ገደል ዝንጀሮዎች በቡድን ሆነው ከገበሬ ማሳ በቆሎ በመስረቅ ይወዳደሩ ነበር። የላይኞቹ አለቃ በቆሎ ቀጣፊዎቹን ቦይ አዘልሎ፣ የእሾህ አጥር አሻግሮ መረጠ። ዘበኛ ሲቀረው፣ ከሩቅ አገር የተመለሰችውን አሮጊት ዝንጀሮ አየ።

«እትዬ ማንያህልሻል፣ ዓይንዎ ያያል?»

«ስንቱን አገር ያየሁበት!»

«በቃ፣ ቋጥኙ ላይ ይቀመጡልን። ይህ ምን ችሎታ ይጠይቃል?»

«መቀመጥማ ማንን ያቅተዋል!» አለች እሷም፤ ሥራውን ከእሱ ይበልጥ ናቀችው።

በስርቆቱ ዕለት የታችኞቹ ዘበኛ ጀርባዋን ለበቆሎው ሰጥታ መንገድ መንገዱን ታያለች። ማንያህልሻል «የሚያምረውን ትታ አቧራ የምታይ ጅል!» ብላ ሳቀችባትና ፊቷን ወደ ማሳው አዞረች። ማን ትልቁን እሸት እንደወሰደ፣ ማን ለእሷ እንዳላስቀረ እያየች ስትንገበገብ፣ የገበሬው ውሾች በመንገዱ በኩል በጀርባዋ መጡ። የታችኞቹ ዘበኛቸው ስትጮህ በቆሏቸውን እንደታቀፉ አመለጡ። የላይኞቹ በቆሎውን ጥለው ሸሹ፤ አለቃቸውም ግማሽ ጅራቱን ውሻ አፍ ውስጥ ተወ።

ሽማግሌዎች አለቃውንና አሮጊቷን ሊያስታርቁ ተቀመጡ። አለቃው ጉማጅ ጅራቱን እየላሰ፣ «እትዬ፣ እኔም አጥፍቻለሁ፤ ይቅር እንባባል» አላት።

አሮጊቷ አሁን ገና ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ ወደ መንገዱ ዞረች።

«ዓይን ይበቃል ያልከውን አንተን ይቅር አልልህም። ያመነችህን ይህችን ጅል አሮጊትም ይቅር አልላትም። ማንንም ይቅር አልልም።»