ቅቤ የተቀባው እባብ

ጆሯችሁን ይዛችሁ መጣችሁ? በሉ ተጠጉ። እኔ «ተረት አለኝ» ስል እናንተ «እኛም ጆሮ አለን» በሉኝ።

ዕቃው ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ቆላ አገር፣ ይርገዱ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትወልድ ብቻዋን ትኖር ነበር። ሀብቷ ጎተራ ውስጥ ያለ ማሽላ ነው። እሱም የሚበላ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ የሚዘራ ዘር ነው። ያ ዘር ከጠፋ ይርገዱ ዓመቱን ሙሉ የምትቀምሰው የላትም።

አንድ ቀን ግቢዋ ውስጥ ቡናማ እባብ አየችና ድንጋይ አነሳች።

«እማዬ፣ አትምቺኝ!» አለ እባቡ። «መርዝ የለኝም። ያለኝ አይጥ የሚይዝ አፍ ብቻ ነው።»

«በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ከዚያ ድንጋዩን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «አይጥ ነው ያልከው? እንግዲያው ግባ።»

ርዝመቱ ወገብ ላይ የሚታሰር መቀነት ያህል ነበርና መቀነት ብላ ስም አወጣችለት። ጎተራው ሥር ገለባ የተነጠፈበት ቅርጫት ሰጠችው። ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ «መቀነቴ፣ እንዴት አደርክ?» ትለዋለች። «እግዜር ይመስገን፣ እማዬ» ይላታል። ወተት ስታቀርብለት አይወድም፤ እንዳይከፋት ብሎ ብቻ አፉን ነከር ያደርጋል። እንዲህ እየተዋደዱ ኖሩ።

ከግድግዳው ሥር ጉድጓድ ውስጥ ግን አይጢት ነበረች፤ ሰባት ልጆች ያሏት፣ ምላሷ ከጥርሷ የሰላ።

«ይህን እባብ እኔ ልገድለው አልችልም» አለች ለልጆቿ። «የሴትዮዋ ፍቅር ግን ይገድልልኛል። ቁጭ ብላችሁ እዩ።»

መጀመሪያ ወደ ቅርጫቷ ሄደች። «እሜት ቅርጫት፣ ምነው እንዲህ ተጨናነቅሽ? ስንጥርሽን ዘርጋ አድርጊው እንጂ፤ ትንፋሽ ያጥርሻል።»

ቅርጫቷ የዋህ ናት። አንዱን ስንጥሯን ወደ ውስጥ ዘረጋችው። መቀነት ሊተኛ ሲገባ ስንጥሩ ጎኑን ጫረው።

«ውይ ልጄን!» አለች ይርገዱ።

ያኔ ቅል ውስጥ የተቀመጠችው ቅቤ ጮኸች፦ «እኔን ቀቢው! እኔን! ራስ ቢያም እኔ፣ እጅ ቢቃጠል እኔ፣ ማን አለሽ ከኔ በላይ?»

ጥግ ካለው እንስራ ውስጥ ውሃ በቀስታ «እኔስ?» አለ። ማንም አልሰማው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ…» አለ መቀነት።

«ዝም በል! የታመመ ሰው አይናገርም» አለችና ከራሱ እስከ ጭራው ቅቤ ለቀለቀችው።

«ሰው አይደለሁም እኮ» አለ እባቡ በሆዱ። ቅቤው ላይ ገለባ ተጣበቀበት። ገለባው ላይ አቧራ ተለጠፈበት። ጭረቱ መድረቁን ትቶ ቀላ።

ሁለተኛ፣ አይጢት ወደ ጉልቻው ሄደች። «ጋሼ ጉልቻ፣ ያ ምስኪን በሽተኛ እኮ በርዶታል። ሙቀትህን ትሰስታለህ?»

ጉልቻው ቸር ነው። «ይርገዱ፣ ልጅሽን ወደ እኔ አምጪው» አለ። እሷም አምጥታ በጋለው ድንጋይ ላይ አስተኛችው። እባብ ደግሞ ሙቀቱ ሲጥመው መቃጠሉን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ሲያነሱት የሆዱ ቆዳ ተልጧል።

«እኔን! እኔን ቀቢው!» አለች ቅቤ።

«እኔስ?» አለ ውሃ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም በል፣ ዓይኔ! አትድከም።» ቅቤውን ደረበችለት። ገለባውና አቧራውም ተደረበ።

ከዚያ ወዲያ መቀነት አልበላ አለ። ይርገዱንም እህል አልወርድ አላት። ይሄኔ አይጢት ሦስተኛ ተንኮሏን አሰበች፤ ወንፊት ሥር ገብታ ራሷን አስያዘች።

«ወይኔ፣ ተያዝኩ!» አለች። «ይሁን፣ የኔ ነገር አብቅቷል። ብቻ አደራሽን፣ ከነሕይወቴ ስጪው። በሽተኛ ትኩስ ነገር ይወዳል።»

«አይ አይጥ! ለካ አንቺም አንጀት አለሽ» አለች ይርገዱ። ቅርጫቷ ውስጥ ጨመረቻትና ክዳኑን ገጠመች።

አይጢት አልተበላችም። የደከመውን እባብ ጀርባውን ነክሳ፣ ቅርጫቷን ቦርቡራ ወጣች። እየሮጠችም «ደህና ሰንብት፣ አንተ በቅቤ የታሸ ጥብስ!» አለችው።

አሁን ሦስት ቁስል ሆነ። ቅቤውን ተከትለው ጉንዳኖች ተሰለፉ። የመቀነት ቆዳ ደበዘዘ፣ ዓይኑም ነጭ ለበሰ። ከጎተራው ውስጥ ቀርጠም፣ ቀርጠም የሚል ድምፅ መጣ። ለዘር የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር።

ይርገዱ መሬት ቁጭ አለች። «ጌታዬ ሆይ፣ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁለት። ከዚህ በላይ አላውቅም» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜም ዝም አለች።

ዝም ስትል ሰማች።

«እኔስ?»

«ማነህ አንተ?»

«ውሃ ነኝ። ሦስተኛዬ ነው ስናገር።»

ይርገዱ ወደ እባቡ ዞረች። «መቀነቴ፣ ስንቴ አፍህን ዘጋሁብህ! በል ንገረኝ፣ ምን ላድርግልህ?»

«እማዬ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ። ከዚያ ይህን ቅቤ አንሺልኝ። እድፉን ቁስሌ ላይ ሸፍኖ ያስቀምጥብኛል።»

«እኔን ደግሞ አፍልተሽ አብርጂኝ» አለ ውሃ። «ለብ ስል ቆንጠር ጨው ጨምሪ።»

«ጨው!» ብላ ጮኸች ቅቤ። «ሊያንገበግበው ነው!»

«ቆንጠር ነው ያልኩት፣ እትዬ ቅቤ። እንባ ጨው ጨው የሚለውን ያህል፤ እንባ ዓይን አያቆስልም።»

ይርገዱ ውሃውን አፈላች፣ አበረደች፣ በእጇ ጀርባ ለካች። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ከራሱ ወደ ጭራው፣ ቅርፊቱ በተኛበት በኩል፣ ቀስ እያለች ጠረገችው። ጠዋት እንዲህ፣ ማታ እንዲህ። ገለባውን ጥላ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈችለት፤ ሲያድፍ ትቀይረዋለች። የቅርጫቷን ስንጥር ቆርጣ ጫፉን በድንጋይ አለሰለሰች፣ ቀዳዳዋንም ጠገነች። ቅርጫቷ እያፈረች «ይቅር በይኝ» አለቻት። ጉልቻውንም «ጋሼ፣ ደግነትህን ከሩቅ አድርገው» ብላ፣ ቅርጫቷን፣ እጅ ሲያርፍበት ለብ ወደሚል ግድግዳ ሥር ወሰደቻት።

«ቁስሉ ካበጠ፣ ከሸተተም፣ ያ ከኔ አቅም በላይ ነው» አላት ውሃ። «ያኔ ሳትውይ ሳታድሪ የከብት ሐኪም ፈልጊ።» እግዜር ይመስገን፣ አላበጠም፤ አልሸተተም።

ከሁሉ የከበዳት አለመንካት ነበር። «እስክድን አታቅፊኝ» ብሏታል። ስለዚህ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እንደ ሕፃን ልጅ ይቁነጠነጣሉ።

ቁስሉ ደረቀ። ዓይኑ ግን ነጭ እንደሆነ ነው።

«ልጄ ታወረ!» ብላ አለቀሰች።

«አልታወርኩም፣ እማዬ። ቆዳዬን ልቀይር ነው። እርጥብ ጨርቅ ከጎኔ አኑሪና ተዪኝ። ጫፉ ተነስቶ ብታዪው እንዳትጎትቺው፤ አዲሱን ይዞብኝ ይቀደዳል።»

በሦስተኛው ቀን አፍንጫው ላይ ጫፉ ተነሳ። የይርገዱ ጣቶች ከነጠላው ውስጥ ወጡ። «በስመ አብ!» ብላ መልሳ ደበቀቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት አይጢት ቀድማ ወደ ቅርጫቷ ብቅ አለች። ውስጧ ስስ፣ ባዶ፣ ዓይኑ ሳይቀር የተገለበጠ ቆዳ ተኝቷል።

«ሞቷል! ባዶውን ቀርቷል! ልጆቼ፣ ኑ ወደ ጎተራ!» ብላ ዘለለች።

ይርገዱ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ባዶውንም ቆዳ አየች። ቅርጫቷን አቅፋ «ልጄን!» አለች።

ከጎተራው ውስጥ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

መቀነት ማሽላው ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ቆዳው አዲስ፣ ዓይኑ ጥቁርና ጥርት ያለ። ሰባቱ የአይጥ ልጆች በመጡበት ቀዳዳ እየተጋፉ ወጡ፣ ወንዙንም ተሻገሩ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱ። አይጢትስ? አይጢት ለቁርስ ቀረች።

ዝናቡ ሲጥል ይርገዱ ዘሯን ዘራች። በመቀነት ገላ ላይ ሦስት ፈዛዛ ጠባሳ ቀርቶ ነበር፤ ቆዳውን በቀየረ ቁጥር እየሳሱ ሄዱ። ጠዋት ጠዋትም ትጠይቀው ጀመር፦ «ዛሬ ላቅፍህ ወይስ ልተውህ?» አንዳንዴ «እቀፊኝ» ይላል፤ አንዳንዴ «ተዪኝ»። ወተቱን እንደማይወድም ያኔ ነገራት። ሆዷን እስኪያማት ሳቀች።

ቅቤ ግን ቅል ውስጥ ሆና አኮረፈች። «እኔስ?» አለች።

«አንቺማ ለሽሮዬ ነሽ፣ እመቤቴ! ማን ጠላሽ?» አለቻት ይርገዱ።

እናንተም የምትወዱት ሲታመም እጃችሁ ከመሮጡ በፊት ጆሯችሁ ይቅደም። ተረቴ እዚህ አበቃ፤ በሉ፣ ይዛችሁት የመጣችሁትን ጆሮ ይዛችሁ ተመለሱ።