ዲ ላይ ያለው አይነካም

አንዲት ሴት ነበረች፤ ተምራለች ይሏት ነበር።

ትርሲት፣ ጥያቄሽን በምሳሌ መመለሴን ታገሺኝ። በቀጥታ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቅቶኛል። ላፕቶፕሽ እየዘገየ፣ ቫይረሱም ፎልደሮችሽን እየደበቀ አስቸግሮሻል። በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን፣ ሊኑክስ የሚሉትን ልጫንበት ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። የሚያስፈራሽ መጫኑ እንዳልሆነ፣ በውስጡ ያለው የአንድ ሰው ድምፅና ፎቶ እንዳይጠፋ እንደሆነም ነገርሽኝ። «ቲቸር፣ አንቺ የሞከርሽው ነገር ነው አሉ። ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?» አልሽኝ። እንግዲህ ስሚ።

ሴትየዋ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ኮሌጅ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ታስተምር ነበር። ኮምፒውተር የምታውቀው ለመጻፍና ለማተም ያህል ነው። የከተማው ሰው ግን ይህን አያውቅም። ስልክ ቢቆለፍ፣ ማተሚያ እምቢ ቢል፣ «እሷ ትሞክረው» ተብሎ ይመጣላታል። አላውቅም ማለት ያሳፍራት ነበር። ዓይን አፋር ስለነበረች አትጠይቅም፤ ሰዉም ይህን ጨዋነት ይለው ነበር።

በዚያው ከተማ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅ ሊድር ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ ወደ እሳቸው ይሄዳል። ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ድረስ በሥጋ እንደማይገናኙ የሚቆጥሩት እሳቸው ነበሩ። ለአሥራ አንድ ዓመት በየመንደሩ በእግራቸው ዞረው አዛውንቶችን ጠይቀዋል፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የማን ልጅ ተብሎ እንዳደገ፣ በእውነቱ ደግሞ የማን እንደነበረ። ይህ የመጨረሻው ነገር ሰው ያጋድላል። ስለዚህ የነገሯቸው ሁሉ፣ ለማንም እንዳያሳዩ አስምለዋቸዋል። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ፣ ልጃቸው በሰጣቸው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሁሉንም በሁለት ጣት ጻፉት። ሲጨርሱ ወረቀቱን አቃጠሉ። ፍላሽ ከእጅ እጅ ይዞራል ብለው ፍላሽ ላይም አላስገለበጡም። ከዚያ ወዲህ የነገሯቸው አዛውንቶች አንድ በአንድ አለቁ።

ላፕቶፑም አረጀ። ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ሰው ጸሎቱን ያደርስ ነበር። ሽማግሌው ወደ ሴትየዋ አመጡት።

«ልጄ፣ ለዚያ ለኮምፒውተር ጠጋኙ አልሰጠውም። አፉ አያርፍም» አሏት። «አንቺ ዝምተኛ ነሽ።»

ያመኑት ዝምታዋን ነበር።

ሴትየዋ ቀደም ብሎ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ወስዳ ነበር። አሠልጣኙ፣ ሊኑክስ በነፃ እንደሚገኝ፣ ያረጀ ማሽን እንደሚያፈጥን፣ ቫይረስም እንደማይደፍረው ነግሯቸው ለእያንዳንዱ በፍላሽ ሰጥቷል። ሲጫን አንድ ጊዜ አይታለች፤ በእጇ ግን አልነካችውም። ከዚህ ሌላ ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር ታውቃለች። ጠጋኞች ዊንዶውስ አጥፍተው እንደገና ሲጭኑ የሚያጠፉት ሲ የሚባለውን ክፍል ብቻ ነው፤ ዲ የሚባለው ክፍል እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚሳሳለትን ነገር ዲ ላይ ያኖራል።

«ጽሑፉ ዲ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ዲ ላይ ነው።»

«እንግዲያው አይነካም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ በሌለበት፣ በኮሌጁ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠችና ፍላሹን ሰካች። እስከ ግማሽ ድረስ በሰላም ሄደ። ከዚያ ማሽኑ ጥያቄ አቀረበ፤ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ላስቀምጥ ወይስ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቼ ልጫን? ሴትየዋ ሲ እና ዲን ፈለገች። ሁለቱም የሉም። በቦታቸው የማታውቃቸው ፊደሎችና ቁጥሮች ተደርድረዋል። «ዲስክ» የሚለው ሲን ብቻ ይሁን ሁሉንም ይሁን አልገባትም።

በመስኮቱ የጠጋኙ ሱቅ ይታያታል። ሰውዬው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። መንገዱን ለመሻገር ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ነገር ግን ከወር በፊት ስለ ማተሚያ ልትጠይቀው ሄዳ በደንበኞቹ ፊት፣ «ቲቸር፣ እኔ ላንቺ፣ አንቺ ለተማሪ፤ መቼም ዲግሪው በእኔ ስም ሊወጣ ነው» ብሏት ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያ ሳቅ ትዝ አላት። ተነሥታ መጋረጃውን ሳበችው።

ዲ ላይ ያለው አይነካም አለች በልቧ። አጥፍቼ ልጫን የሚለውን መረጠች። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኗን እንደገና ጠየቃት። እጄ በላብ ርሶ ነበር። አዎ የሚለውን ተጫነች።

አዲሱ ገጽ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ፈጣንም ነበር። ዲን ፈለገች። በዚህ ገባች፣ በዚያ ወጣች። ዲ የሚባል ነገር አልነበረም።

እሑድ ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ።

«እንዴት ሆነልሽ፣ ልጄ?»

«ማሽኑ ተሠርቷል» አለች። «የውስጡ ግን የለም። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ አቃጥሎታል።»

በዚያ ከተማ መብራት ያላቃጠለው ነገር የለም። ማቀዝቀዣ አቃጥሏል፣ ቴሌቪዥን አቃጥሏል፣ የወፍጮ ሞተር አቃጥሏል። የማያምናት ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ላፕቶፑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ፣ «መብራትን ደግሞ የት ሄጄ ልክሰስ?» ብለው ፈገግ አሉ። «አንቺም ደክመሻል፤ እግዜር ይስጥልኝ።» እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት። ራሷን ዝቅ አድርጋ ተመረቀች።

ሽማግሌው ላፕቶፑን ወስደው፣ የሚያስታውሱትን ያህል እንደ አዲስ መጻፍ ጀመሩ። በየጧቱ ሁለት ገጽ። የጻፉት እንዴት እንደሚቀመጥ ያሳየቻቸው እሷ ናት።

በአራተኛው ወር አንድ ጎረምሳና አንዲት ልጃገረድ ሊጋቡ ተነሡ። የሁለቱም ዘመዶች ሽማግሌው ግቢ ተሰበሰቡ። የልጅቷ እናት ሴትየዋን ስለምታከብራት ከጎኗ አስቀመጠቻት። ሽማግሌው መቁጠር ጀመሩ። እስከ አራት ቤት አልተገናኙም። አምስተኛው ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ አንዲት ሴት አለች። ሁለት ባል አግብታ ከሁለቱም ወልዳለች። የልጁ ወገን የሚወርድበት ልጇ ከየትኛው እንደሆነ… ስሟም ጠፋኝ። ከፊተኛው ከሆነ ትገናኛላችሁ፤ ከኋለኛው ከሆነ ምንም የለባችሁም።»

በእንዲህ ያለ ጉባኤ ሙሽራ አትናገርም። ልጅቷ ግን ተናገረች። «አባባ፣ ቀስ ብለው ያስቡት። እርስዎ የማያውቁት ሰው የለም።»

«ጽፌው ነበር፣ ልጄ። መብራት በላው።» ይህን ብለው፣ መስክሪልኝ እንደማለት ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

ሴትየዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ከልጁ አጎቶች አንዱ፣ «እንግዲህ ወደ ትራንስፎርመሩ ሽማግሌ እንላክ» አለ። የሳቀለት የለም። ሽማግሌው፣ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም፤ ብሳሳት ዕዳው በሚወለደው ልጅ ላይ ነው አሉ። ሰዉ ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ ሄደ። ጋብቻው ፈረሰ። ጎረምሳው በወሩ፣ ወደ ባሕሩ ከሚሄዱት ጋር ሄደ። ከየደረሰበት ድምፁን ይልክ ነበር። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

ሴትየዋ መንገዱን የተሻገረችው ጋብቻው በፈረሰ ማግስት ነበር። ጠጋኙን፣ አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት ብላ ጠየቀችው።

«የአንቺ ጓደኛ መቼም የማይገጥማት የለም» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ተወው። «የጠፋ ጽሑፍ ያንኑ ዕለት አይሞትም፣ ቲቸር። ማሽኑ ቦታው ባዶ ነው ይላል እንጂ ብዙው እዚያው ተኝቷል። የሚሞተው ሌላ ነገር ላዩ ላይ ሲጻፍበት ነው። ያን ቀን ዘግታ ብታመጣልኝ አብዛኛውን አወጣላት ነበር። ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አራት ወር።»

«እየተሠራበት?»

«በየቀኑ።»

ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። እሷም በሃምሳ እርምጃዋ ተመለሰች። ሽማግሌው በየጧቱ በሁለት ጣታቸው የሚጽፉት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ድካማቸውን እየቀበረ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት። ይህንንም አልነገረቻቸውም። በክረምቱ ሞቱ፤ መብራትን እንደወቀሱ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ሴትየዋ ከሁሉ ይልቅ አለቀሰች፤ ሰዉም እንዴት ያለ ደግ ልብ አላት አለ።

ከዚህ በኋላ፣ በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ፣ ከሩቅ የመጡ አንዲት አሮጊት አጠገቧ ተቀመጡ። በወሬ በወሬ የዚያችን ባለ ሁለት ባል ሴት ስም ጠሩ። ያ ያጠራጠረው ልጇ ከኋለኛው ባል እንደነበረም ተናገሩ።

ትርሲት፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ይጠፋል ወይስ አይጠፋም ብለሽ ነበር። ሊኑክስ ብቻውን የማንንም ድምፅ አያጠፋም። የሚያጠፋው፣ ሳይገባሽ አዎ ያልሽው ነው። እዚያ ውስጥ ሲም የለም፣ ዲም የለም፤ ዲስኩን በሙሉ ካለሽ በሙሉ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ድምፁንና ፎቶውን ሁለት ቦታ ገልብጪ። ገልብጬዋለሁ ብለሽ አትመኚ፤ በሌላ ማሽን ከፍተሽ ጆሮሽ ይስማው። ከዚያ ወዲያ ቢበላሽ የሚበላሽብሽ ማሽን ብቻ ነው፤ ማሽን ይጠገናል። ብትሳሳቺም እዚያው ዝጊውና ያንኑ ዕለት ተናገሪ። የሽማግሌው ጽሑፍ የሞተው በዚያ ቅዳሜ አይደለም። ሴትየዋ ዝም ባለችባቸው ጧቶች፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ገጽ ነው የሞተው። ዝምታም እንደዚያ ነው፤ በእውነት ላይ በየቀኑ ትንሽ ይጽፍበታል፣ በመጨረሻ ማንም አያወጣውም።

ከላይ አንድ ቦታ «እጄ» ብዬ ጽፌያለሁ። መልሼ ሳነበው አየሁት፤ ልሰርዘው ብዕሩን አነሣሁና ተውኩት። እስካሁን ያጠፋሁት ይበቃኛል።

ሽማግሌውን እዚህ ሳትደርሺ ዐውቀሻቸዋል። ልጅቷንም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ። አትገናኙም ነበር፣ ትርሲት። አንቺና እሱ በአምስት ቤትም፣ በሰባት ቤትም አትገናኙም። ይህን ካወቅሁ ዓመት አልፎኛል። በየሳምንቱ ደጄ ስትመጪ፣ ተቀመጪ ከማለት በቀር ቃል አላወጣሁም።

ላፕቶፕሽን ለእኔ አታምጪው። መንገዱን ተሻግረሽ ለጠጋኙ ስጪው፤ ያልገባሽንም ሁሉ ጠይቂው። ይስቅብሽ ይሆናል። ይሳቅ።