ለሁለት የታቀደው አውራ ዶሮ

አንድ በርበሬ ነጋዴ ነበረ፤ ስሙ ጓንጉል። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ቤተሰቡም እሱና ሚስቱ አንጓች ብቻ። ሁለት ሆድ የሚበላውን ለማሰብ ያን ያህል ጭንቅላት አያስፈልግም ትሉ ይሆናል። ጓንጉል ግን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መደቡ ላይ ይወጣና፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ የሳምንቱን ወጥ ያውጃል። «ሰኞ ሽሮ! ማክሰኞ ክክ! ረቡዕ ጎመን!» ሲል ድምፁ ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል። አዋጁ የሚመለከተው አንጓችን ብቻ ነው፤ እሷም ሽንኩርት እየላጠች «እሺ ጌታዬ» ትላለች።

ዕቅዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጓንጉል እንግዳ ይፈራል። ጅብ ቢመጣበት በከዘራ ያባርራል፤ ደጁ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከሰማ ግን ድስቱን አቅፎ ጓዳ ይገባል። ስለዚህ ቅዳሜ፣ ገበያተኛ በደጁ ሲተራመስ፣ ሽሮ ይታወጃል፤ እሱም የቀጠነ፣ ፊት የሚያሳይ። መንደርተኛው ሁሉ ሰርግ ወርዶ ቀዬው ጭር ያለ ዕለት ደግሞ በቅቤ ያበደ ምስር ይሠራል።

ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው አዋጁ ከወትሮው ከበደ። ጓሮው ውስጥ አንጓች ከጫጩትነቱ ጀምራ ከእጇ ጥሬ እያበላች ያሳደገችው ቀይ አውራ ዶሮ ነበረ። ከመወፈሩ የተነሣ ሲራመድ መሬቱ ይርዳል፤ ሲጮኽ የጎረቤት በሬ ደንግጦ ቀንበር ይሰብራል።

«ማክሰኞ» አለ ጓንጉል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዶሮ። አሥራ ሁለቱም ብልት ለእኔና ለአንቺ።»

አንጓች ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አምናም እንዲህ ብለህ፣ ዛሬ ሰው አለ፣ ነገ ሰው ይመጣል እያልክ ጾም አስገባህብን። ስማኝ፣ ዘንድሮ ይህ ዶሮ ሁዳዴ ገብቶ ከጮኸ እኔ አባቴ አገር ነኝ። እስከ ፋሲካ አልመለስም። ያወጅከውን ራስህ ሠርተህ ትበላለህ።»

ጓንጉልን ላብ አጠመቀው። ወጥ ይቅርና ውኃ ሲያፈላ የሚያሳርር ሰው ነው። አንድ ጊዜ አንጓች ለቅሶ ሄዳ ሳለ ሽሮ ልሥራ ብሎ፣ ድስቱን ለመፋቅ መጥረቢያ ተውሷል።

ማክሰኞ ጠዋት ቢላዋውን ስሎ፣ ዶሮውን ይዞ፣ ክንፉን ሊረግጥ ሲል ከአጥሩ ውጭ «ቤቶች! እንዴት አደራችሁ?» የሚል ድምፅ መጣ። የነፍስ አባታቸው ቄስ አዱኛ ናቸው። ጓንጉል ዶሮው ላይ እንቅብ ደፋና እንቅቡ ላይ ተቀመጠበት።

«ይግቡ አባ! ልነሣ ብል ወገቤን ይዞኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ምን ያደርጋል፣ ዛሬ ቤት ያፈራው ሽሮ ብቻ ነው።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከበታቹ «ኩኩሉ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። እንቅቡም ተነሣ፤ ጓንጉልም ከነእንቅቡ ተነሣ።

ቄስ አዱኛ ጺማቸውን እያሻሹ «ጓንጉል ልጄ፣ የናንተ ቤት ሽሮ ይጮኻል እንዴ?» አሉ።

«እሱማ… እሱማ አባ፣ ለዘር ያስቀመጥነው ነው። አይታረድም።»

«እግዜር ዘሩን ያብዛላችሁ» አሉና ሽሯቸውን በልተው፣ ቤቱን ባርከው ሄዱ። እንግዲህ ለዘር ነው የተባለ ዶሮ ቄሱ አጥሩን ሳይሻገሩ እንዴት ይታረዳል? ጓንጉል አዋጁን አሻሽሎ «ሐሙስ» አለ። ረቡዕማ ጾም ነው።

የዶሮ ወጥ ክፋቱ ቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱ ከማለዳ ጀምሮ ሲቁላላ ሽታው አጥር አያግደውም፤ የያንዳንዱን ቤት በር እያንኳኳ «ጓንጉል ቤት ዛሬ ዶሮ አለ» እያለ ያወራል። ጓንጉል ይህን ስለሚያውቅ ሐሙስ ብልሃት አመጣ። አሮጌ የጎማ ጫማውን ደጃፉ ላይ ከምሮ አቀጣጠለው። ጎማ የሸተተው አፍንጫ ሽንኩርት አይለይም ብሎ ነው። ጢሱ ወጥቶ ፀሐይዋን ሸፈናት፤ የመንደሩ ዶሮዎች መሸ ብለው ቆጥ ላይ ወጡ።

ወዲያው «ኧረ የሰው ያለህ! የጓንጉል ቤት ተቃጠለ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። መንደርተኛው እንስራውን ተሸክሞ ደረሰ። ማንም ምንም ሳይጠይቅ ጣራው ላይ ደፋ፣ ምድጃው ላይ ደፋ፣ ጓንጉል ላይ ደፋ። የተቁላላው ሽንኩርት ድስቱ ውስጥ ሲዋኝ ታየ።

«አያ ጓንጉል፣ ምን ሆነህ ነው ጫማህን የምታቃጥለው?» አለ ሻረው የሚባል ጎረቤቱ። ሻረው በመንደሩ ትልቁ በላተኛ ነው፤ ሰርግ ቤት ሲገባ ሙሽራው ራሱ ሳህኑን ያቅፋል።

«እባብ አይቼ፣ በጢስ ላባርረው ብዬ።»

«አይዞህ! እስኪወጣ አብረንህ እንጠብቃለን» አለና ሻረው ተዘርፍጦ ተቀመጠ። ሌላውም ተቀመጠ። የሌለ እባብ ሲጠበቅ ዋለ፤ የጠበቀ ሰው ደግሞ ይርበዋል። የሳምንቱ ሽሮ በዚያ ቀን አለቀ።

ዓርብ ጾም ሆነ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ጓንጉል ራሱ ፈርቶ ዶሮውን አሳደረው። አንጓች ልብሷን አጣጥፋ በነጠላ ቋጠረችና ጥቅሉን በሩ አጠገብ አኖረችው። ጓንጉል ሲወጣም ሲገባም ያየዋል። ከፊቱ የቀረው እሑድ ብቻ ነው፤ ማታ ጾሙ ይገባል።

እሑድ አንጓች ሽንኩርቷን እንደ አዲስ አቁላልታ ለማድረስ ቤት ቀረች። ቅዳሴ ሲያልቅ ቄስ አዱኛ «ዛሬ አንጓችን አላየኋትም፤ ደኅና ናት?» ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ጓንጉልን አየው። ጓንጉልም በዚያች ቅጽበት ከሰማይ የወረደ የመሰለው ሐሳብ መጣለት።

«ታማብኛለች አባ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ክፉኛ ነው የታመመችው። ሰው ማየት አትችልም፤ የሰው ድምፅ እንኳ ራሷን ይፈልጠዋል።»

«እግዜር ይማራት!» አለ ሕዝቡ። ቄስ አዱኛም ስሟን ጠርተው ጸሎት አደረሱላት። ጓንጉል ደስ አለው። እንዲያም ሆኖ ልቡ አላረፈምና ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዋርካው ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሰዉ ሁሉ እያዘነ ወደየቤቱ ተበተነ። አንድም ሰው በሱ በኩል አላለፈም። ጓንጉል የሳምንቱ ድካም ተጫነውና ግንዱን ተደግፎ እንቅልፍ ጣለው።

የቀሰቀሰው ሽታ ነው። ቅቤና ኮረሪማ የገባበት፣ የደረሰ የዶሮ ወጥ ሽታ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። «አንጓች ያለ እኔ ማን አርዶላት ነው?» አለና ቁልቁል ሮጠ።

ግቢው ሞልቷል። በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ሰዉ ወደየቤቱ የተበተነው የሚይዘውን ለማምጣት ነበር። አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ወተት፣ አንዱ ሽሮ በድስት፣ አንዱ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዞ በጓሮ በኩል ባለው አቋራጭ መጥቷል። ሻረው በሩ ላይ ቢላዋ እየጠረገ ቆሟል።

«ዶሮዬ?» አለ ጓንጉል።

«እኔ አረድኩልህ! በሽተኛዋን ምድጃ ሥር ሽንኩርት ስታቁላላ አግኝተን በግድ አስተኛናት። ሴቶቹ፣ ጾሙ ሳይገባ በሽተኛዋ የዶሮ መረቅ ትጠጣ አሉ። አንተን ብንፈልግ የለህም። መቼም የሚስት ሕመም ያዞራል።»

«ፈረሰኛውስ?» አለ ጓንጉል በቀጭን ድምፅ። ፈረሰኛው ለአባወራው የሚወጣው ምርጥ ብልት ነው።

ሻረው ወደ መሬት አየ። «አራጅ እጁን ታጥቦ ባዶውን አይሄድም ብለው አስገደዱኝ፤ እምቢ አልኩ፣ ማን ይስማኝ።»

ጓንጉል ገባ። አንጓች መደቡ ላይ ተጋድማለች፤ ራሷ በሻሽ ታስሯል፤ ጉንጯ እንደ ሙሽራ ቀልቷል። ሴቶች ዙሪያዋን ከበው ያጎርሷታል፤ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለራሳቸው። ጓንጉል እጁን ወደ ሞሰቡ ሲሰድ አንዷ ባልቴት እጁን መታችው። «አንተ ሰውዬ አታፍርም? የበሽተኛ ምግብ! ውጣና ከወንዶቹ ጋር ያመጣነውን ሽሮ ብላ።»

ምን ይበል? አልታመመችም ቢል በቅዳሴ ቀን ለቄስ የዋሸ ሊባል ነው። ታማለች ቢል ዶሮው ሄደ።

አንጓች በደካማ ድምፅ «ተዉት፣ ባሌ ነው፤ አንድ ላጉርሰው» አለች። የዶሮውን አንገት በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፉ ስትወስድ በጆሮው አንሾካሾከች። «አሁን ልዳን ወይስ ትንሽ ልቆይ?»

ጓንጉል እያላመጠ አሰበ። ጉርሻው በሕይወቱ በልቶት የማያውቀው ዓይነት ነበር፤ ደግሞ አንገት ብቻ ነው። «ብትድኚ ነገ ደግሞ እንኳን እግዜር ማረሽ ሊሉ ይመጣሉ» አለ በሹክሹክታ። «አንጓች፣ ከእነዚህ ሰዎች ማምለጫ የለም።»

«ከሌለማ፣» አለች አንጓች ዓይኗን እንደ በሽተኛ ከድና፣ «ዕቅዱ ውስጥ አስገባቸዋ!»

ጓንጉል መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር። ከዚያ የጎረሰው አነቀውና ሳቁ በአፍንጫው መጣ። ሴቶቹ በሐዘን ያለቀሰ መስሏቸው «አይዞህ፣ ትድናለች» እያሉ ጀርባውን መቱት።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጓንጉል ማክሰኞ ዕለት ቄሱን «ይቀመጡ አባ፣ እንብላ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ከአሥራ ሁለቱ ብልት የሚጎድልበት አንድ ነበር። አሥራ አንዱን ከሚስቱ ጋር ተረጋግቶ ይበላ ነበር። አንዱን ላለማካፈል ሲል ግን ጫማውን አቃጠለ፣ ጤነኛ ሚስቱን አሳመመ፣ በመጨረሻም የደረሰው አንገት ነው፤ እሱንም ሚስቱ ለምናለት። ማዕዳችንን ለመደበቅ የምናወጣው ጉልበት ማዕዱን ለማካፈል ከሚያስፈልገን ይበልጣል። ሰው ለሳምንቱ ምን እንደሚበላ ማቀዱ መልካም ነው፤ ግን በሩን በዕቅድ መዝጋት አይቻልም።

እናንተስ፣ የሳምንቱን ምግብ ስታስቡ፣ ሳይጠራ ለሚመጣው ሰው ስንት ጉርሻ ትተውለታላችሁ?