ፊደል የሚውጠው መጻፊያ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው በኮምፒውተር ላይ የሚጻፍበትን ፕሮግራም መሥራት ነበር።

ወይዘሮ የሻረግ ነገሩን በዚህ ጀመሩ። ወይዘሮ የሻረግ ድሮ የታይፕ አስተማሪ ነበሩ፤ ዛሬ አርጅተው ቤት ይውላሉ። ፊታቸው የተቀመጠችው ጎረቤታቸው፣ አንዲት ወጣት እናት ናት። ልጇ አራት ዓመት ሞልቶት አፉ ቶሎ አልፈታ ብሏል፤ ቃል ከማውጣቱ በፊት ጭኑን በእጁ ጠፍ ጠፍ ያደርጋል። ልጆች ይስቁበታል፣ ትልቁም ሰው አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። «እማማ፣ ይቺን አመሉን እንዲተው እጁን ባስርበት ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። እሳቸው አዎም አይሆንም አላሉ፤ ስለዚያ ሰውዬ ማውራታቸውን ቀጠሉ።

የሰውየው መጻፊያ እንደ ሌላው አልነበረም። ቤት በይው። እልፍኙን እሱ ሠርቶታል፤ ጓዳውን ግን የሚኖርበት ሰው እንደ ፍላጎቱ ይቀጥልበታል። አንዱ የበዓላትን ቀን የሚያስታውስ ይቀጥልበታል፣ ሌላው ዐይኑ ደክሞ ከሆነ ፊደል የሚያጎላ ይቀጥልበታል። ሰውየው ገና ሲጀምረው ለዚህ የሚሆን በር ከፍቶ ነው የተወው። «ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም» ይል ነበር። ይህን ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

መጻፊያውን አብዝተው የሚጠቀሙበት ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉት ነበሩ። ከእነሱ ሌላ ደግሞ የገዛ አባቱ።

አባቱ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። አፋቸው አያርፍም። ተሳፋሪው የመንገዱን ርዝመት የሚያውቀው ከወረደ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሲያስቁት ይደርሳል። ከዚያ ደም ግፊት ጣላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፣ ቀኝ ጎናቸውና ምላሳቸው ግን ቀረ። ያ ሁሉ ጨዋታ ውስጣቸው ተዘጋበት። ልጅየው ወስዶ እቤቱ አስቀመጣቸው፤ ኮምፒውተር ፊታቸው አደረገላቸው፤ በግራ እጃቸው፣ በአንዲት ጣት መጻፍ ጀመሩ።

ያን ቀን ቤቱ ሰርግ ሆነ። መጀመሪያ የጻፉት ለምራታቸው ነው። «ሽሮሽ ጨው የለውም። ያለቀው ጨው ነው ወይስ ፍቅር?» ምራትየዋ እየሳቀች አለቀሰች። «አባባ፣ ምላስዎ ተመለሰች!» አለች። ከዚያ ወዲያ ምሳ ላይ ሳይተርቧት አይውሉም። ልጃቸውንም አይምሩት፤ በሁሉ ነገር ዝግ ማለቱን እያዩ፣ «አንተ ሾፌር ብትሆን ኖሮ መንገደኛው በእግሩ ይቀድምህ ነበር» ይሉታል። የድሮ ባልንጀሮቻቸው ሊጠይቋቸው መጥተው አዝነው ሲቀመጡ፣ «ምነው፣ እኔ ሳልሞት ለቅሶ ጀመራችሁ?» ብለው ጻፉላቸውና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ያቺ ጣት አንድ ቁልፍ ልትነካ ስትወርድ ሦስት አራት ጊዜ ትመታዋለች፤ ካፊያ ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ እንደሚለው። ይህን ግን ከቤተሰቡ ያየ የለም። ሽማግሌ እጁ ሲንቀጠቀጥ አፍጥጦ ማየት ነውር ነዋ። አባትየው ሊጽፉ ሲሉ ልጃቸው ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል፤ ምራታቸው ሳህን ታነሳለች። ጽፈው ሲጨርሱ ጠረጴዛውን ኳ ያደርጉታል፤ ያኔ ዞረው ያነባሉ። ጨዋ ቤት ነው። ኋላ የጎዳቸውም ጨዋነታቸው ነው።

አሁን የመጻፊያውን እንከን ልንገርሽ። አንዱን ቁልፍ ፈጠን አድርጎ ሁለቴ ለሚመታ ሰው ሁለተኛውን ይውጠዋል። ይህን የምታደርገው ሰውየው ገና ተማሪ ሳለ የጻፋት አንዲት ኮድ ነች። ኮድ ማለት ኮምፒውተሩ የሚታዘዝበት ጽሑፍ ነው፤ ሰው ከሚያየው ፊደል ጀርባ ይቀመጣል። ለምን እንደጻፋት እሱ ራሱ ረስቶታል። እንግዲህ ተመልከቺ። አባትየው አራቴ ይመታሉ፣ መጻፊያው ሦስቱን ይውጣል፣ አንዷ ፊደል አምራ ትወጣለች። እንከን ከእንከን ጋር ተደጋግፎ ሰው አናገረ። አባትየው አላወቁ፣ ልጅየው አላወቀ።

ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ግን ተማረሩ። ባገኙት ቁጥር ይተርቡታል።

«አንተ፣ ይሄ መጻፊያህ ጾም የለውም እንዴ? ፊደሉን እኮ በላው!» ይለዋል አንዱ።

«ደመወዝ አትከፍለው፣ ምን ይብላ ታዲያ?» ይላል ሌላው።

እሱም ስቆ ያልፋል። አንድ ቀን ግን ባሏ የሞተባት ሴት የአምስት መቶ ካሬ መሬት አቤቱታ አስጽፋ፣ አንዷ ዜሮ ተውጣ፣ አምሳ ካሬ ሆኖ ገባባት። ሴትዮዋ ጥላው ሥር ቁጭ ብላ ስታለቅስ ሰውየው በዐይኑ አየ። ያን ዕለት አልሳቀም። እቤቱ ሄዶ ኮዱን ከፈተ።

ማረሙ ልክ ነበር። ይህን እንድትስቺብኝ አልፈልግም፤ ልክ ነበር። ያቺን መስመር ፈልጎ አገኛት፣ ሰረዛት። እጁ ግን በዚያ አልቆመም። ቤት መጥረግ የጀመረ ሰው እንዴት እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አንዱ ጥግ ሲጠራ ሌላው ያስጠላል። ያረጀውን ሁሉ፣ ለምን እንደተጻፈ የማያስታውሰውን ሁሉ ጠራርጎ ጣለ። ኮዱ እንደታጠበ ብርጭቆ ሆነለት። ደስ አለው።

ሚስቱ በትከሻው በኩል አየት አድርጋ «ሰው አማክረሃል?» አለችው።

«የራሴን ስህተት ለማረም ማንን ላስፈቅድ?» አላት።

አዲሱን መጻፊያ ለሁሉም ኮምፒውተር ላከው። የአባቱም አንዱ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ቀረበ። አባትየው ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ። ልጃቸው እንደ ልማዱ ወደ መስኮት ዞረ፣ ምራታቸው ሳህን አነሳች። ኳ የምትለዋ ድምፅ ዘገየች። ልጅየው ጠበቀ፤ አልዞረም። በጣም ሲቆይበት ቀስ ብሎ ገልመጥ ቢል ስክሪኑ ባዶ ነው። አባቱ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተዋል።

«አባባ፣ ዛሬ ዝም አሉን?»

ፈገግ አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደክሟቸው ነው ተባለ።

በማግስቱም ዝም። በሳምንቱም ዝም። ጭራሽ ቁልፎቹን በፎጣ ሸፈኗቸው። ምራትየዋ እንዲተርቧት ሆን ብላ ወጡን አልጫ አደረገችው። አንድ ነገር ሳይሉ በሉላት፣ በግራ እጃቸው መረቋት። ጓዳ ገብታ «እኔ ምን አስቀየምኳቸው?» አለች። «አንቺን አይደለም፤ እኔን ነው» አላት ባሏ። ምን እንዳጠፋ ግን ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። ሐኪም አመጡ፤ ሐኪሙ አዲስ ነገር አላገኘባቸውም። ፍርድ ቤት በር ላይ ደግሞ ጸሐፊዎቹ ባዩት ቁጥር ብድግ ይሉለታል። «እጅህ ይባረክ፣ አሁን ሰው ሆነ መጻፊያህ!» ይሉታል። ምስጋናው ደስ ይለዋል፤ እቤቱ ሲደርስ ደስታው ከበሩ ውጭ ይቀራል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የረሳው ነገር ኖሮ ተመለሰ። ሚስቱ ገበያ ወጥታለች፣ አባቱ ብቻቸውን ናቸው። በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ፎጣው ተነስቶ አየ። ጣታቸው ወረደች። ፊቱን ሊያዞር ነበር፤ እንጃ ምን እንደያዘው፣ አላዞረም። ጣቲቱ አንዱን ቁልፍ አራት ጊዜ መታችው። ስክሪኑ ላይ «ውውውው» ተደረደረ። ሌላውን ቁልፍ መታች፤ «ሃሃሃሃ»። ሊያጠፉ ሲሉ ማጥፊያውም እንዲሁ ተደጋግሞ ተመታ፣ መጥፋት የሌለበትም አብሮ ጠፋ። አባትየው ውሃ ነው የጠማቸው። እጃቸውን ወደ ዐይናቸው አቅርበው ብዙ አዩዋት፤ የከዳ ወዳጅ እንደሚታይ። ከዚያ ፎጣውን አለበሱት።

ልጅየው አሁን ገባው። አባቱ እጄ ባሰባት ብለው ነው የተቀመጡት። ምነው አልነገሩኝ ይበል? በምን ይንገሩት፤ መንገሪያቸው ያቺው አልነበረችም? ቢችሉም አይነግሩትም ነበር፤ ልጄን አላሳቅቀውም የሚሉ ሰው ናቸው።

ገብቶ ውሃ ሰጣቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሳበና ለአባቱ ብቻ የምትሆን አንዲት ጓዳ ቀጠለላቸው፤ የሚንቀጠቀጥ ጣት ስንቴም ቢመታ አንድ ብላ የምትቆጥር። ብርጭቆው ተጠጥቶ ሳያልቅ ሥራው አለቀ። ይህችን ታህል ነበረች ልጄ። የሴትዮዋም መሬት ሳይጎድል፣ የአባቱም ቃል ሳይጠፋ፣ ሁለቱም በአንድ ቤት መኖር ይችሉ ነበር።

ተንበርክኮ «አባባ» አላቸው። «እጅዎ ምንም አልሆነችም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ መጻፊያውን ነካክቼው ነው። አሁን አስተካክዬዋለሁ፣ ይሞክሩት።»

አባትየው አዩት። ልጃቸውን ያውቁታል፣ ደግ ልጅ ነው። ደግ ልጅ ደግሞ የታመመ አባቱን እንዲህ ብሎ ነው የሚያጽናናው። ፈገግ አሉለት። ራሱን ዳበሱት፣ ልጅ ሳለ ሲዋሽ ይዘው እንደሚምሩት። ከዚያ እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱ።

ማለላቸው። «በእናቴ አጥንት!» አለ። ጣታቸውን ይዞ ቁልፉ ላይ ሊያሳርፋት ሲሞክር ቀስ ብለው ነጠቁት። ሲነጋ ደግሞ ለመናቸው፤ ሚስቱም ለመነቻቸው። እሱ ፎጣውን ያነሳል፣ እሳቸው ፈገግ ብለው ይመልሱታል። አንዴ ብቻ ቢነኩት ያምኑት ነበር። አልነኩትም። ሰው አንዴ ያፈረበትን ነገር ልጁ ፊት ደግሞ ማፈር ይከብደዋል። እውነቱን ነገራቸው፤ እውነቱ ማጽናኛ መሰለባቸው። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ፤ ያ ሁሉ ጨዋታ አብሯቸው ገባ።

ለቅሶው ላይ ጸሐፊዎቹ መጡ። ያ «ጾም የለውም እንዴ?» ያለው ጸሐፊ ጎኑ ተቀመጠና ሊያጽናናው ፈለገ። «አይዞህ። ያንን የሚውጠውን ነገር ካስተካከልክልን ወዲህ ስንቱ አመሰገነህ መሰለህ። ያቺ ሴትዮም መሬቷ ተመለሰላት። የአባትህ ምርቃት ነው» አለው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ።

ወይዘሮ የሻረግ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰውየው አንቺ ነሽ። የልጅሽ እጅ ደግሞ እንከን የተባለችው ኮድ ነች። አንቺ ጭኑን ሲመታ ታያለሽ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ቃሉ ስትወጣ አያለሁ። እጁ ካልመታች አፉ አይከፈት ይሆናል። ወይም እንዲያው አመል ይሆናል፤ እኔም አላውቅም። አንቺም አታውቂም። እሱ ሊናገር ሲል አንቺ ሰው ሳቀ አልሳቀ ብለሽ ፊትሽን ወደ ሰዉ ታዞሪያለሽ። አይቼሻለሁ። አታርሚው አላልኩሽም፤ አስቀድመሽ እዪው ነው የምልሽ። ብታስሪው ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ታረመልኝ ትያለሽ። እሱ በልቡ እኔ ነኝ የተበላሸሁት ይላል። ኋላ ገብቶሽ ጥፋቱ የእኔ ነው ብትይው፣ እናቴ ስለምትወደኝ ነው ይላል እንጂ አያምንሽም።»

እናትየዋ ቀና አላለችም።

«እማማ» አለች፣ «አስሬበታለሁኮ። ትናንት። በነጠላዬ ጫፍ ነው፣ አላጠበቅኩትም… ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣውም። እኔ ደግሞ ጨዋ ሆነልኝ ብዬ ለሰው አወራሁ።»

ወይዘሮ የሻረግ አልተቆጧትም።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ተነሺ» አሏት። «ሂጂ ፍቺው። ፈትተሽው ግን ተናገር እንዳትይው። አጠገቡ ቁጭ በይና፣ ያ እጁ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ፊትሽን ሳታዞሪ እዪው። ሽማግሌው ልጃቸውን ያላመኑት ዘግይቶባቸው ነው። ያንቺው ገና አንድ ቀኑ ነው።»