አባ ቶቢያስ ቃል በሳቱ ጊዜ እመቤታችን ያደረገችው

አባቴ፥ ነፍሱን ይማረውና፥ «የእመቤታችንን ነገር ስትናገሩ አትጣደፉ፤ እሷ ስትሰማችሁ አትቸኩልም» ይለን ነበር። እኔም ሳልጣደፍ ልንገራችሁ፥ ወገኖቼ።

ከባሕር ማዶ የመጣ የልዑካን ማኅበር በአገራችን ሚሲዮን ተክሎ ነበር። ፊተኞቹ አባቶች በንዳድ አለቁና በዋርካው ሥር ተቀበሩ፤ ከዚያም ሌሎች መጡና ምንጩን አጎለበቱ፥ ክሊኒክና ትምህርት ቤትም ሠሩ። ሥርዓታቸውም የሰውን አገር ቋንቋ ሳይማሩ ወንጌል አለመስበክ ነው። ከነሱም አንዱ አባ ቶቢያስ እመቤታችንን እጅግ የሚወዱ ነበሩና፥ ዕለት ዕለት የመልአኩን ሰላምታ በአማርኛ ሳያደርሱና አንድ ድውይ ሳይጎበኙ እህል ላይቀምሱ ተስለው ነበር። እኔ በቅሏቸውን እጭን ነበር።

«ቀ» የምትባለዋ ፊደል ግን አስቸገረቻቸው። ብዙ ጊዜ «ከ» ሲሏት ቆዩና፥ በመጨረሻ ከጉሮሯቸው ማውጣት ቢሳካላቸው ደስ ብሏቸው ከበደን ሁሉ «ቀበደ» ይሉት ጀመር፤ እኛም እንስቅ ነበር፥ እሳቸውም አብረውን ይስቁ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የይርዳው ልጅ ማስረሻ በንዳድ ታማ እህል ውኃ አልል አለችና፥ አባ መድኃኒት በብልቃጥ ይዘው ሄዱ። ይህችን ልጅ ማስረሻ ያሏት ታላቋ ሞታባቸው ነው። እኔ በደጅ በቅሎ ይዤ ቀረሁ። እናቲቱ የሺመቤት ወተት ብታቀርብላቸው፥ አባ ተነሥተው «ክበሩ» ብለው ሊመርቁ ፈለጉና «ቅበሩ!» አሉ።

ይርዳውም ደነገጠና «ምን አሉ አባ?» አለ።

እሳቸውም ያልሰማቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቅበሩ! ሁላችሁም ቅበሩ!» አሉ።

«ውጡልኝ! አንዷን ቀብሬያለሁ፥ ይቺን በርስዎ አፍ አልቀብርም!» ብሎ ገፍቶ አስወጣቸው፥ ብልቃጡንም ከአጥር ውጭ ሣሩ ላይ ወረወረው።

በመንገድ «ምን ብለው ነው?» ብላቸው ነገሩኝ። «ኧረ በማርያም! ይሄ እኮ መቃብር ቆፍሩ ማለት ነው» አልኋቸው። ከዚያም ላስረዳ ሮጬ ብመለስ ይርዳው በሩን ዘጋና ውሻውን ለቀቀብኝ። አባም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ተደፍተው «እናቴ ሆይ፥ እኔ ልባረር ግድ የለም፤ ልጅቱ ግን በአፌ ጠንቅ አትሙት» እያሉ ለመኑ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ይርዳው ማስረሻን በትከሻው ተሸክሞ መጣ፤ እሷም ዳቦ ትገምጥ ነበር። እግራቸው ላይ ወድቆ «ይቅር ይበሉኝ አባ፤ ያቺ የላኳት ሴት ባትደርስልን ኖሮ...» አለ።

«የቷ ሴት?»

«ልጅ ያዘለችው ናት እንጂ! ብልቃጡን ከሣሩ አንሥታ ገባችና ‹አባ ያሏችሁ ክበሩ ነው› ብላ በእጇ አጠጣቻት። ይሄ ክፉ ውሻዬ እንኳ አልጮኸባትም!»

አባም ማንንም አልላኩም ነበርና አለቀሱ፥ ሁላችንም እመቤታችንን አመሰገንን።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ በሰው አገር ያላችሁም በቤታችሁ ያላችሁም፥ ምልጃዋ አይለያችሁ፤ ድውያችሁን ታስምርላችሁ፥ የልጆቻችሁን ዕድሜ ታርዝምላችሁ፥ አሜን።

እኔም በዚያው ቀን በቅሎዋን ላጠጣ ወደ ምንጩ ስወርድ አንዲት የማላውቃት ሴት ልጇን አዝላ ቆማ አገኘሁና «እናቴ፥ ከወዴት ነሽ?» ብላት ፈገግ ብላ ይህን አለችኝ፦ «ለአባ ንገራቸው፤ የኔም ልጅ አፉን የፈታው በስደት፥ በሰው አገር ነው፤ ቃል ሲስት እኔ ነበርሁ የማቃናለት።»