የመምህር ጓንጉል አምስት ደቂቃ

አንድ ቀን ትርንጎ የምትባል ነርስ የሥራ ፈቃድ ፈተና ለመፈተን ቀረበች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሊቀጥሯት ያሰቡት የጤና ጣቢያ ኃላፊ «እስከ ሰኞ ፈቃድሽን ይዘሽ ካልመጣሽ ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» ብለዋታል። በጽሑፉ ፈተና ማንም አይደርስባትም። ሁለቴ የጣላት የተግባሩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፈተናው ሳይሆን ፈታኙ፣ መምህር ጓንጉል ናቸው።

መምህር ጓንጉል ሁሉን አውቃለሁ ባይ ናቸው፤ ወሬ ደግሞ ነፍሳቸው ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት እሳቸው ሰፈር አልደረሰም። የደም ግፊት አለካክ ሲፈትኑ በታካሚ ፋንታ የተቀመጠውን አሻንጉሊት አይናገርም ብለው ይንቁትና ራሳቸው ታካሚ ሆነው ወንበሩ ላይ ጉብ ይላሉ። ከዚያ ወሬውን ይለቁታል። ምስኪኑ ተፈታኝ በወሬው መሀል መለካት ሲጀምር፣ «ቁም! ታካሚው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ማረፍ እንዳለበት አልተማርክም? ወድቀሃል!» ይሉታል። ትርንጎንም ሁለቴ የጣሏት በዚችው ናት።

ዘንድሮ ግን ትርንጎ መለኪያውን ከነጭራሹ አልነካችውም።

«እንደምን አደሩ? ትርንጎ እባላለሁ፤ ግፊትዎን ልለካ ነው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይረፉልኝ። ከተናገሩ እንደገና ከአንድ እንጀምራለን» አለችና ሰዓቷን እያየች ቁጭ አለች።

«ጎሽ! አሁን ገና ነርስ ሆንሽ። በእኛ ጊዜ እኮ…»

«ከአንድ እንጀምር፣ መምህር።»

ጥቂት ታገሡ። «ይሄን መስኮት ማነው የከፈተው? ብርድ ለግፊት…»

«ከአንድ እንጀምር፣ መምህር።»

ቀጥሎ ስለ አማታቸው ሪህ አነሱ። ከዚያ ስለ ከተማው መንገድ። ትርንጎም በየመሀሉ ከአንድ ትጀምራለች። እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሰዓት የሚይዙት ሁለተኛዋ ፈታኝ ሲስተር አልታዬ «ለፈተናው የተሰጠው ሃያ ደቂቃ አበቃ» አሉ።

መምህር ጓንጉል ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ሃያ ደቂቃ ሙሉ ግፊቴን አልለካሽም! ወድቀሻል!»

ትርንጎ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

«እኔማ የተማርኩትን ሠርቻለሁ፣ መምህር። አምስት ደቂቃ ዝም በል ተብሎ ያቃተው ታካሚው ነው፤ የወደቀውም እሱ ነው!»

ሲስተር አልታዬ ሳቃቸውን በወረቀት ሸፈኑ። «በታካሚው ጥፋት የባከነ ሰዓት ይካካሳል» ብለው ጊዜ ጨመሩላት።

መምህር ጓንጉል ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ትርንጎ ሰዓቷን ስታይ አዩና መልሰው ገጠሙት፤ ከዚያም ተቀመጡ። አምስቱ ደቂቃ ሞላ፣ ትርንጎም ክንዳቸው ላይ መለኪያውን ጠምጥማ በሥርዓቱ ለካች፤ እሳቸው ግን አሁንም ትንፍሽ አላሉም። «አልፈሻል» የሚለውን እንኳ በጽሑፍ ነው የሰጧት።