አልለቅ ያለው ጋቢ

ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ ነገሩ ተሰምቶ ሊያበቃ ሲል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ የሚላት ተረት አለች። ትርጉሟን ሁሉም ያውቃል። ከየት እንደመጣች ብትጠይቁ ግን «ያባቶች ናት» ተብላችሁ ትሸኛላችሁ። ያባቶችስ ናት፤ ነገር ግን አባቶች ዝም ብለው በተቀመጡበት አልፈጠሯትም። የተወለደችው ሰርግ ላይ ነው። ያዋለዳትም አንድ ጉረኛ ልብስ ሰፊ ነው።

ሰውዬው አያ ውብነህ ይባላል። በእሱ አገር ሸማኔው ጋቢውን በቁራጭ ሠርቶ ያስረክባል እንጂ፣ ቁራጩን ገጣጥሞ፣ ደራርቦ፣ ዳር ዳሩን ሰፍቶ ለትከሻ የሚያበቃው ልብስ ሰፊው ነው። በዚህ ሥራ አያ ውብነህን የሚስተካከል አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም በፊት የሚናገረው ራሱ አያ ውብነህ ነው። ክሩን ድርብ አድርጎ ይገምድና ሰም ይቀባዋል። «የእኔን ስፌት በሬ ቢጎትተው ጨርቁ ያልቃል እንጂ ክሩ አይበጠስም!» ይላል።

ልጅ አልወለደም። የሟች እኅቱን ልጅ ጥላዬን ግን ከጨቅላነቱ ጀምሮ አሳድጎታል፤ ከዓይኑ ብሌን ለይቶ አያየውም። ይህ ጥላዬ ከወንዙ ማዶ የባላምባራስ ጓንጉልን ልጅ ማንጠግቦሽን ወደደ። እሷም ወደደችው። ባላምባራስ ግን ለልጃቸው አንድ ባለጸጋ አስበው ነበርና አልወደዱም። ሽማግሌ ተመላልሶ፣ ደጅ ጠንቶ፣ በመጨረሻ «እሺ» ቢሉም እሺታው የእልህ ነበር። «ጥሎሹ በሰው ፊት ይዘርጋ። ባንዱ ዕቃ ላይ እንከን ካገኘሁ ልጄ ከጓዳዋ አትወጣም!» ብለው ማሉ።

በጥሎሹ መሐል የአባት ጋቢ አለ። እሱን የሚሰፋው ማን ሊሆን ነው? አያ ውብነህ ነዋ!

የሰርጉ ዕለት ጠዋት አንድ ዳር ብቻ ቀርቶት፣ ኩታውን እንደተጎናጸፈ፣ ጋቢውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይሰፋል። አጃቢው ደጅ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። አያ ውብነህ ደግሞ ሰው ካየ አፉ አያርፍም፤ በተለይ የሌላውን ሰፊ ስህተት ማውራት ነፍሱ ነው።

«ያ የገበያው ሰፊ» ይላል መርፌውን እየሰደደ፣ «ለልጅ እጀ ጠባብ ሰፍቶ አንገቱን ረስቶት አይደለም? ልጁ ራሱን ከቶ መውጫ አጥቶ ሲዞር ከምሰሶ ጋር ተላተመ። ለአንድ ቄስ ደግሞ ሱሪ ሰፋላቸውና አንዱን እግር ከታች ደፈነው። እግራቸውን ቢሰዱ፣ ቢሰዱ፣ ወይ መውጣት! ባንድ እግራቸው ቆመው ማኅሌቱ አመለጣቸው!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቱ ዘነበች ግን አልሳቀችም። «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ወደ ሥራህ መልስ» አለችው።

«ተይኝ እቴ! መርፌዬ መንገዷን ታውቃለች።»

ጭኑ ላይ የነበረው ግን ጋቢው ብቻ አልነበረም። የኩታው ጫፍ ከሥሩ ገብቶ ነበር። አያ ውብነህ እያወራ፣ እያሳቀ፣ የባላምባራስን ጋቢ ከገዛ ኩታው ጋር አጥብቆ ሰፋው። ክሩን ቋጥሮ በመቀስ ቆረጠ፤ ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና «እንሂድ!» ብሎ ከሁሉ ቀደመ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጋቢውን ወደ ሌላው ትከሻው ላዛውር ቢል ኩታው ተከትሎት መጣ። ደግሞ ሳበው፤ ደግሞ መጣ። ዳሩን ገልጦ ቢያይ ሁለቱ ባንድ ክር ተሰፍተዋል። መቀሱ ቤት ቀርቷል። ቢላ እንዳይጠይቅ፣ ያ ጠዋት በገበያው ሰፊ ሲስቅ የነበረ ሁሉ አሁን በእሱ ሊስቅ ነው። ኩታውን አውልቆ አብሮ እንዳይሰጥ፣ አማች ፊት በእጀ ጠባብ ብቻ መቆም ነውር ነው። ወይኔ ውብነህ! ቁጥቋጦ ጥግ ተሸሸገና ስፌቱን በጥርሱ ያዘው። በሬ የማይበጥሰው ክር ለጥርስ ሊበገር ነው እንዴ?

«ጋሼ፣ ምን እየበላህ ነው?» አለው ጥላዬ ከኋላው መጥቶ።

«ምንም! ጥርሴን አሞኝ ነው» አለና ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ። ስንደርስ አንድ ጥግ ፈልጌ እፈታዋለሁ ብሎ ራሱን አጽናና።

ማን ጊዜ ሰጥቶት! ገና ዳሱ ውስጥ ሳይቀመጡ ባላምባራስ «ጥሎሹ ይታይ!» አሉ። ቀሚሱ ተዘረጋ፤ እንከን የለውም። ድሪው ታየ፤ እንከን የለውም። የባላምባራስ ፊት እየጠቆረ ሄደ። ከዚያ የአባት ጋቢ ተጠራ። አያ ውብነህ ቀርቦ ጋቢውን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። ባላምባራስ ተቀብለው ሳብ አደረጉት። አያ ውብነህ አብሮ ሄደ።

«ልቀቀው እንጂ!»

«በእኛ በኩል ወግ አለ፣ ባላምባራስ» አለ አፉ ላይ የመጣለትን። «ተቀባይ ካልመረቀ ሰጪ አይለቅም።»

«በእናንተ በኩል ማለት ይኼው ወንዙ ማዶ አይደለም እንዴ? መቼ የመጣ ወግ ነው?»

«የዱሮ ነው። እናንተ ዘንድ ተረስቶ ነው።»

ባላምባራስ በሰው ፊት ወግ አያውቁም መባልን ፈሩ። «እጅህን ይባርከው» ብለው ሳቡ። ጋቢው አልመጣም።

«ትንሽ ይጨመርበት» አለ አያ ውብነህ።

«ዕድሜ ከጤና ይስጥህ!»

«አሁንም ትንሽ።»

«ቤትህ ይሙላ! ከብትህ ይርባ! ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ! ኧረ በቃህ?»

ዳሱ ሙሉ ሰው «አሜን! አሜን!» ይላል። በየአሜኑ መሐል አያ ውብነህ ከሥር ክሩን በጥፍሩ ይፈለቅቃል፤ ክሩ ግን ፍንክች አላለም። ባላምባራስ ምርቃታቸው አለቀና ደማቸው ፈላ። «ይኼ ሰውዬ የመጣው ሊሰጠኝ አይደለም፣ ሊጫወትብኝ ነው!» ብለው ጋቢውን እንደ በሬ ቀንድ ጨብጠው ባለ በሌለ ኃይላቸው ጎተቱት። አያ ውብነህም ኩታዬ ሄደ ብሎ ወደ ኋላ ጎተተ። ጠርርር! ክሩስ አልተበጠሰም። ጋቢው ከመሐል ለሁለት ተቀደደና ባላምባራስ ግማሹን ታቅፈው በቂጣቸው ቁጭ አሉ።

«እንከን!» አሉ ገና ሳይነሡ። «የተቀደደ ጋቢ! ልጄ አትወጣም!»

ከጓዳው የማንጠግቦሽ ልቅሶ ተሰማ። የጥላዬ ፊት አመድ መሰለ። አያ ውብነህ ያንን ፊት ላለማየት አቀረቀረ።

ይኼኔ ባላምባራስን ክርስትና ያነሡት ሽማግሌ አባ ወንድይራድ እጃቸውን አነሡ። «ቆዩ፤ መጀመሪያ ነገሩ ይሰማ። ውብነህ፣ ለምን አልለቀቅህም?»

«እንዴት ልልቀቅ አባ፣ ከኩታዬ ጋር ተሰፍቶ! እኔም ያየሁት ገና አሁን ነው።»

«አሁን ነው ያየኸው?»

«አሁን! ጥፋቱ የባላምባራስ ነው። ትንሽ ቢታገሡኝ በጥፍሬ እጨርሰው ነበር፤ ከወንዙ ጀምሮ በጥርሴ ስታገለው ቆይቼ ላልቶልኝ ነበር እኮ!»

 ሳቁን የጀመረው ጥላዬ ነው፤ «ጋሼ፣ የጥርስ ሕመሙ ይኼ ነው?» ሲል ሰዉ ሆዱን ይዞ ተንፈራፈረ። አያ ውብነህ በሐፍረት ፊቱን ሊሸፍን ኩታውን ቢያነሣ የጋቢው ግማሽ አብሮ ተነሣ፤ ሳቁ ባሰበት።

«አዎ፣ አውቄ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ይሳቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነው የዋሸሁት። እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ፤ በእኔ ጥፋት ግን ልጄን አትቅጡብኝ።»

«ሰማችሁ? በገዛ አፉ አመነ!» አሉ ባላምባራስ። «መሐላዬ መሐላ ነው!»

«ጓንጉል» አሉ አባ ወንድይራድ፣ «ጋቢው ሲመጣ ተቀድዶ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ እንከኑን ማን አመጣው? እንከን ካገኘሁ አልህ እንጂ እንከን ከሠራሁ ብለህ አልማልህም። ቀስ ብለህ ብትይዘው በቢላ ፈትተን እናለብስህ አልነበረም?»

ባላምባራስ በእጃቸው ያለውን ቁራጭ ገልበጥ አድርገው አዩት። ራሳቸውም ፍርፍር ብለው ሳቁ፤ ማንጠግቦሽም በእልልታ ወጣች። ጥላዬ ሲያያት አያ ውብነህ ዕንባውን መቆጣጠር አቃተው። አባ ወንድይራድ ቢላ፣ መርፌና ክር አስመጥተው፣ አያ ውብነህ ኩታውን አውልቆና ስፌቱን ፈትቶ እዚያው በሰው ፊት ጋቢውን እንዲሰፋ፣ ባላምባራስም ጫፉን ቀስ አድርገው እንዲይዙለት አዘዙ።

«ለመሆኑ አባ» አሉ ባላምባራስ ጫፉን እንደያዙ፣ «ለማን ነው የፈረዱት?»

አባ ወንድይራድ አንዴ የሰፊውን አፍ፣ አንዴ የባላምባራስን እጅ አይተው፣ «በሁለታችሁም ላይ ነው፤ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አሉ።